«ደመወዝ፦ በስምምነት»

የሥራ ማስታወቂያ አንባቢ ነኝ። ሥራ ፈልጌ አይደለም። ጋዜጣ ሲገዛ አንዱ ከስፖርቱ ይጀምራል፣ ሌላው ከፖለቲካው፤ እኔ የምጀምረው ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ነው። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ በመሆኔ ይሆናል፣ በአገራችን ቅርጹን ሳያዛንፍ የቆየ የጽሑፍ ዓይነት ጥራ ብትሉኝ ከቅኔ ቀጥዬ የሥራ ማስታወቂያን እጠራለሁ። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ተፈላጊ ብዛት፣ የሥራ ቦታ... ሁሉም በየመስመሩ፣ ሁሉም በየተራው።

እናላችሁ፣ ይህ ሁሉ ዝርዝር ቁጥር በቁጥር ነው። ልምድ 4 ዓመት። ብዛት 2። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት። የማይመለስ ፎቶ ኮፒ። የሕንፃው ፎቅ፣ የቢሮው ቁጥር፣ የስልኩ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል። የሌለችው አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፤ ሠራተኛው ወር ጠብቆ የሚኖርባት። በእሷ ፋንታ አንድ ቃል ተቀምጧል፦ «በስምምነት»።

ዛሬ የምተቸው ይህችን ቃል ነው። «ሰውዬው መጽሐፍ ቢተች ምን ነበረበት!» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ግን እስቲ አስቡት፣ ካለፉት ዓመታት ልቦለዶች የትኛው ነው በወጣቱ ኑሮ ላይ እንደዚህች ባለ ስድስት ፊደል ቃል የወሰነው?

ቃሉ በራሱ ያማረ ነው። ሥሩ መስማት ነው፤ መስማማት ማለት አንዱ ሌላውን መስማት ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ድምፅ፣ ሁለት ጆሮ ይጠይቃል። ማስታወቂያው ላይ ሲቀመጥ ግን ሰምና ወርቅ ይሆናል። ሰሙ «ና፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ነው። ወርቁ ደግሞ «የምንከፍለውን እኛ እናውቀዋለን፤ አንተ ከዚያ በታች ብትጠራ ትርፉ የኛ ነው» ይላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን ማስታወቂያ ያየ ልዩነቱን ያውቃል። ደረጃውን ይጽፋል፣ እርከኑን ይጽፋል፣ ደመወዙን በብር ይጽፋል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚያሳዝን ነው። ቢያሳዝንም ግን ፊት ለፊት ተጽፎ ነው የሚያሳዝነው፤ አመልካቹ አይቶት ገጹን መግለጥ ይችላል። የግሉ ዘርፍ የተሻለ ይከፍላል፤ ያንኑ ያህልም ይደብቃል።

«በስምምነት» ሁሉንም አመልካች እኩል አይጎዳም። አዲስ ተመራቂ ብዙ የሚደራደርበት ነገር የለውም፣ የሰጡትን ይቀበላል። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ኃላፊ ደግሞ ገበያውን ያውቀዋል፣ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። መሐል ላይ የሚደናበረው ከኮንትራት ሥራ ወደ ቋሚነት የሚሻገረው ነው። ዛሬ ይህ መሻገሪያ ከየትኛውም ሙያ ይልቅ የሚታየው በአይቲው መንደር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ፣ ሳፋሪኮም በ2015 መባቻ አገልግሎቱን ይፋ ካደረገ፣ ባንኮቹም በየስልካችን ውስጥ ቅርንጫፍ መክፈት ከያዙ ወዲህ፣ ኮድ የሚጽፍና ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ተፈላጊ ሆኗል። መሥሪያ ቤቶቹ መጀመሪያ በአገልግሎት ውል ያስገቡታል። ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይሠራል። ሲስተሙ በሱ እጅ መሆኑ ሲገባቸው ደግሞ «ቋሚ እናድርግህ» ይሉታል።

አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለ፤ ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። ስሙን የማልጠራው አንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ ሁለት ዓመት በኮንትራት ሠርቷል። ሌሊት ሲስተሙ ሲቋረጥ ስልኩ የሚጮኸው የሱ ነው፤ ግድግዳችን ስለሚገናኝ እኔም እነቃለሁ። ይህ ልጅ ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ «ጋሼ፣ ይቺን ደብዳቤ ይዩልኝማ» ብሎ መጣ። የቅጥር አቅርቦት ናት። ከደብዳቤዋ በፊት የተደረገውን ንግግር ጠየቅኩት። እንዲህ ነበር፦

«ስንት ትጠብቃለህ?» ትለዋለች የሰው ሀብት ኃላፊዋ።

«ለቦታው የተያዘው ስንት ነው?»

«በስኬላችን መሠረት ነው።»

«ስኬሉ ስንት ይላል?»

«እሱ የውስጥ አሠራር ነው። አንተ ስንት ትጠብቃለህ?»

ተውኔት ባስተምርበት ኖሮ ይህችን አምስት መስመር ለተማሪዎቼ አባዝቼ እሰጥ ነበር። ሁለት ተዋንያን አሉ፤ ጽሑፉን ያነበበው ግን አንዱ ብቻ ነው። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ልጁ ራሱ «ጥሩ ሰው ናት» ይላል። የተሰጣትን ሚና ነው የምትጫወተው። ልጁስ ምን መለሰ? ደግሞ ደጋግሞ ከተጠየቀ በኋላ አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ... እናንተ እንዳያችሁት» አለ።

እናንተ እንዳያችሁት! ይህችን ሐረግ የማያውቃት አበሻ የለም። ታናሽ እህቷ «ለእናንተ ትቼዋለሁ» ትባላለች፤ የአክስት ልጅ «እንደፈቀዳችሁ»። ሦስቱም የይሉኝታ ልጆች ናቸው። ገንዘብ በአፍ መጥራት ያሳፍረናል። ቁጥር የጠራ ሰው ስግብግብ ይባላል ብለን እንፈራለን። ተረቶቻችንም አላገዙንም፦ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ያሳድጉናል፣ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለው ይጨምሩበታል። የሚገርመው ግን ይሉኝታችን መራጭ መሆኑ ነው። ይኸው ልጅ እናቱን ተከትሎ አትክልት ተራ ሲሄድ በኪሎ ሽንኩርት ላይ ሩብ ሰዓት ይከራከራል። ሻጩን «ኧረ ቀንስ፣ ደንበኛ ነን!» ብሎ ሲለማመጥ፣ ሄድኩ ብሎ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሲመለስ ዓይኔ አይቷል። ለሽንኩርቱ ያልፈራ ለዕድሜው ፈራ።

በነገራችን ላይ «ኮንትራት» የሚለውን ቃል አዲስ አበባ የለመደችው ከቢሮ ሳይሆን ከታክሲ ነው። ኮንትራት ታክሲ የሚይዝ ሰው ዋጋ የሚቆርጠው ከመግባቱ በፊት ነው። በሩን ይዞ፣ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «ቦሌ ስንት ትወስደኛለህ?» ይላል። ዋጋ ሳይቆርጥ የገባ መድረሻው ላይ የሚጠራለትን ይከፍላል፤ ተጣልቶ ይከፍላል እንጂ መክፈሉ አይቀርም። የኮንትራቱ ልጅ ይህን ያውቅ ነበር። ያኔ በአገልግሎት ውል ሲገባ ዋጋውን ጠርቶ፣ ተከራክሮ፣ አስፈርሞ ነው የገባው። «ቋሚ» የሚለው ቃል ሲመጣ ነው አንደበቱ የታሰረው። ቋሚ ሲባል ክብር ነዋ! እናት ትደሰታለች፣ አማች ይጠይቃል። በክብር ላይ ደግሞ ሒሳብ አይጠየቅም።

አባቶቻችን በዚህ ከኛ ይሻሉ ነበር። በጥንቱ ባህል ከቁርባንና ከሰማንያ ሌላ የደመወዝ ጋብቻ የሚባል ነበር። ጊዜያዊ ነው፣ ለሴቲቱ በወር ወይም በዓመት ይህን ያህል ተብሎ ይቆረጥላታል። ስሙ ሲነሳ ዛሬ ፊታችንን እናጨማድዳለን፣ ብናጨማድድም አይፈረድብንም። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ቁጥሩ ገና ከጅምሩ ምስክር ባለበት ይጠራ ነበር። የዛሬው መሥሪያ ቤት ከጊዜያዊው ጋብቻ ወደ ቁርባኑ ሊያሻግረን ሲል ምስክሩንም ቁጥሩንም ያስቀራል።

ወደ ደብዳቤዋ ልመለስ። ልጁ በኮንትራቱ በወር 60,000 ብር ያስከፍል ነበር። ደብዳቤዋ ያቀረበችለት ያልተጣራ ደመወዝ 42,000 ብር ነው። «18 ሺህ ብር ቀነሳችሁ» ሲላቸው «አዎ፣ ግን ጥቅማ ጥቅም አለህ» አሉት። ጥቅማ ጥቅም... ሌላ የምተቸው ቃል! ሁለት ጊዜ ጥቅም ብሎ ሲደግመው ብዙ ይመስላል። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተን ቁጭ አልን። ሒሳብ ሙያዬ አይደለም፤ መደመርና መቀነስ ግን ለማንም አልተከለከለም።

መጀመሪያ ከቀጣሪው ኪስ እንይ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው ከደመወዙ በላይ 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላል፤ 4,620 ብር። አሁን 46,620 ብር ደረሰ። የዓመት ፈቃድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው። በዓመት 312 የሥራ ቀን ብለን ስናካፍለው በወር 2,150 ብር ገደማ ይወጣዋል። የሕክምና ሽፋኑ በዓመት እስከ 30,000 ብር ነው አሉት፤ ይታመም ይሆን አይታመም ይሆን አይታወቅም፣ ግን ሙሉውን በየዓመቱ ታሞ ይጨርሰው ብለን በወር 2,500 ብር ደመርንለት። ሁሉም ተደምሮ 51,270 ብር አካባቢ ነው። ትናንት ለዚሁ ሰው፣ ለዚሁ ሥራ 60,000 ብር ሲያወጣ የነበረ መሥሪያ ቤት ዛሬ ጥቅማ ጥቅሙን ሁሉ ቆጥሮም ከ8,700 ብር በላይ በየወሩ ይተርፈዋል። ትርፉን አልቃወምም። የምቃወመው ትርፉ «ጥቅም ተሰጠህ» ተብሎ ለልጁ እንደ ስጦታ መቅረቡን ነው።

አሁን ደግሞ ከልጁ ኪስ። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል፤ ትልቁ የ35 በመቶ እርከን የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። በዚህ ስሌት ከ42,000 ብር ላይ ግብሩ 12,650 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 2,940 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 26,410 ብር። ልጁ ይህን ሲያይ «ከ60 ወደ 26!» ብሎ ጮኸ።

እዚህ ላይ ግን ልጁንም ገሠጽኩት። የኔ ወገን የሆኑ ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። 60,000 ብሩ ግብር ያልነካው ብር ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ይዞ ግብር መሥሪያ ቤት የሚቆመው ራሱ ነው። ከዚያው ብር ላይ ኢንተርኔቱን፣ ላፕቶፑን፣ የሒሳብ ሠራተኛውን ይከፍላል፤ ራሱ ሲደምረው በወር 4,000 ብር ገደማ ሆነ። ያልተጣራን ካልተጣራ፣ የተጣራን ከተጣራ ነው ማወዳደር። ከ60ው ላይ 4ቱን ቀንሰን፣ የቀረውን 56,000 ብር ለጡረታውና ለፈቃዱ ስናሳስበው ተመጣጣኙ ያልተጣራ ደመወዝ 48,000 ብር ገደማ ሆነ። እንግዲህ በ42 እና በ48 ሺህ መካከል ያለችው ሜዳ ናት ስምምነት የምትባለው። ይህች ሜዳ ተለክታ ከታወቀች በኋላ ብቻ ነው ሁለት ሰዎች ሊሰማሙ የሚችሉት። ከዚያ በፊት ያለው ግምት ነው፤ ግምቱም የአንዱ ብቻ።

ሌላም አለ። ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ሰው በድርድር የምትጨመር እያንዳንዷ 1,000 ብር፣ 350ው ለግብር፣ 70ው ለጡረታ ሄዶ እጅ የምትገባው 580 ብር ሆና ነው። ስለዚህ ነው አንዳንዱ ቀጣሪ «ደመወዙን ተወው፣ በአበል እናስተካክልልሃለን» የሚለው። ለጊዜው ደስ ይላል። ነገር ግን ጡረታው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። በየዓመቱ በመቶኛ የሚመጣው ጭማሪም የሚነሳው ከዚያው ነው። በባንክ ቤት ደግሞ ቦነሱ «የሁለት ወር ደመወዝ» ሲባል፣ የቤትና የመኪና ብድሩ ሲለካ፣ አበሉን ማንም አያስታውሰውም። የሠራተኛ ብድሩን ቀላል ነገር ነው አልልም፤ በአዲስ አበባ የቤት ዋጋ ላይ በዝቅተኛ ወለድ መበደር ትልቅ ነገር ነው፣ ለዚህ ብሎ ትንሽ ደመወዝ የሚቀበልን ሰው ሞኝ አልለውም። ብድሩ ራሱ ግን ከመሠረታዊው ጋር ታስሯል። ቋሚ ሥራ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር እንደ ቤት መሠረት ነው፣ በኋላ ገብቶ ማስፋት አይቻልም። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ ያየ ሰው፣ አንዴ የተቆረጠ ቁጥር ላይ «በየዓመቱ 10 በመቶ» ተብሎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስለ ልምዱ የተባለው ነው። «የኮንትራት ልምድ በግማሽ ነው የምንይዘው» አሉት። የሠራው እዚያው ቤት ነው! ሲስተሙን ያቆመው እሱ ነው፣ ሌሊት የሚነሳው እሱ ነው፤ ሁለቱ ዓመት ግን አንድ ዓመት ሆነ፣ ስለዚህም እርከኑ አንድ ወረደ። ብዙ ማስታወቂያዎች ላይ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ» የሚል ዓረፍተ ነገር ታያላችሁ። ዓላማው የሐሰት ማስረጃን መከላከል ነው፣ መልካም። ነገር ግን ደረሰኝ ቆርጦ የራሱን ግብር የከፈለው ባለሙያ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም። ሠርቷል፣ ከፍሏል፣ አልተቆጠረም።

ደብዳቤዋ ደግሞ ወረድ ብላ «60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ» ትላለች። ሁለት ዓመት ሲሠራ ያዩትን ሰው አሁን ምኑን ነው የሚሞክሩት? አዋጅ 1156 የሙከራ ጊዜን ይፈቅዳል፣ ጣሪያውም 60 የሥራ ቀናት ነው። ያው አዋጅ ግን ለዚያው አሠሪ፣ በዚያው ሥራ ላይ እንደገና የተቀጠረ ሠራተኛ ለሙከራ እንደማይቀጠርም ይናገራል። «ያኔ ሠራተኛ አልነበርክም፣ አገልግሎት ሰጪ ነበርክ» ሊሉት ይችላሉ፤ በፊደሉ ልክ ሊሆኑም ይችላሉ። ልምዱ ሲቆጠር ሙሉ ሠራተኛ አልነበረም፣ ሙከራው ሲመጣ ጭራሽ አልነበረም። ሥራው ሲሠራ ብቻ ነበረ።

የቀጣሪውን ወገን ረስቼው አይደለም። ቋሚ ሠራተኛ መያዝ ሸክም ነው። ቢታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፍልለታል። ሥራ ሲቀዘቅዝ እንደ ኮንትራቱ ጊዜ «አመሰግናለሁ፣ ጨርሰናል» ብሎ ማሰናበት የለም፤ ሕጋዊ ምክንያት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ሥነ ሥርዓት አለው። በኮንትራቱ 60,000 ብር ውስጥ «ነገ ላትፈልጉኝ ትችላላችሁ» የሚል የሥጋት ዋጋ ነበረበት። ሥጋቱ ሲነሳ ዋጋው መቀነሱ ተገቢ ነው። እንቅልፍም ዋጋ አለው፣ ልጁም ለእንቅልፉ ሊከፍል ፈቃደኛ ነው። ይህ ግን ተነግሮት ይክፈል። «ለዋስትናህ 8,000 ብር ትተዋለህ፣ ይሻልሃል?» የተባለ ሰው አስቦ እሺ ወይም እምቢ ይላል። «ጥቅማ ጥቅም አለህ» የተባለው ግን ሳያውቅ ይከፍላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሒሳቡ ሲገባው ለቆ ይሄዳል። መሥሪያ ቤቶቹ «የአይቲ ልጆች አይቀመጡም» እያሉ ሲያማርሩ እሰማለሁ። እንዲቀመጡ የሚያደርግ ወንበር ነው ወይ የሰጣችኋቸው?

በየሆቴሉ አዳራሽ ስለ ስኬት የሚያሠለጥኑትስ? ወጣቱን «ዋጋህን እወቅ! ራስህን ሽጥ!» እያሉ ያስጨበጭቡታል። ዋጋን በጭብጨባ ማወቅ አይቻልም። ገበያው በተዘጋ መጋረጃ ውስጥ ነው ያለው። የልጁ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ደመወዙ በምስጢር ይያዛል» የሚል መስመር ነበረች። ያቺ መስመር ለማን እንደምትጠቅም ለማወቅ ያንኑ ክፍል ማየት ነው። አጠገቡ የምትቀመጥ ሦስት ዓመት ቋሚ የሆነች ባለሙያ አለች። እሷ ናት ሥራውን ያለማመደችው። የሱን አቅርቦት ማተሚያው ላይ ተረስቶ አይታ ቀኑን ሙሉ ሳትናገር ዋለች። ለሱ የቀረበችው፣ በሱ ዓይን ያነሰችው 42,000 ብር ለሷ ከያዘችው በላይ ነበረች። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ፤ ደስ ይበለው ይፈር አላወቀም። ምስጢሩ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ አብረው ነበር የሚጠይቁት። በአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ ቀጣሪ የመነሻ ደመወዙን ወይም ክልሉን ለአመልካቹ አስቀድሞ እንዲናገር፣ የቀድሞ ደመወዙንም እንዳይጠይቅ ያዛል። የፈረንጅ ነገር ሁሉ ይምጣልን ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይህ ግን አትክልት ተራ ሲሠራበት የኖረ ደንብ ነው፤ ሻጭ ሽንኩርቱን ሲመዝን ሁሉም ያያል።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፎ ይዞ ሄደ። «እናንተ እንዳያችሁት» ቀርታለች፤ «50,000 ብር እጠይቃለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ይላል። ጡረታው፣ ፈቃዱ፣ ላፕቶፑ በየመስመሩ ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ ወረቀቱን አንብባ ዝም አለች አሉ። ከዚያ «ማንም እንዲህ አድርጎ አምጥቶልን አያውቅም» አለችው፤ ተቆጥታ ሳይሆን ተገርማ። ሳምንት ቆይቶ አዲስ ደብዳቤ መጣ። 45,000 ብር፣ «ከስድስት ወር በኋላ እንደ ሥራ አፈጻጸሙ ይታያል»።

ይታያል! ማን ነው የሚያየው? መቼ? በምን መነጽር? ባለቤቱ የማይታወቅ ግሥ ነው። «ይታሰብበታል»፣ «እየተሠራበት ነው»፣ «በሂደት ላይ ነው» ከሚሉት ጋር ተማክሮ የሚያድር የቢሮ ግሥ። ልጁ «‹ይከለሳል› ይበሉ ልበላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም ያው ናቸው አልኩት፤ ግሡን ተውላቸው፣ አንተ ቀኑን ጠይቅ።

ጠየቀ። ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ መሐል ላይ አንድ ሌሊት ሲስተሙ ተቋርጦ እንደ ልማዱ ተነሣላቸው። በመጨረሻው ደብዳቤ የሙከራ ጊዜው አንቀጽ የለም። መሠረታዊ ደመወዙ 46,500 ብር ነው፣ አበል ያልተቀላቀለበት። ደመወዙ ጥር 30 እንደሚከለስ ቀኑ ተጽፏል። የልምዱ ነገር ግን አልተነካም፤ ሁለቱ ዓመት አሁንም አንድ ዓመት ነው። ከመጀመሪያው አቅርቦት 4,500 ብር ጨመረ፣ እጁ የሚገባው 2,610 ብር። የምስጢሯን መስመር እንዲያወጡለት ጠይቆ አልተሳካለትም። ከፈረመ በኋላ ያንን ባለ አንድ ገጽ ስሌት ለአጠገቡ ባለሙያ ሰጣት። በእሱ ቁጥሮች ፋንታ የራሷን እየሞላችበት ነው።